በክብር የማርፈድ መመሪያ

ድልድይ የሠራ፣ ጉድጓድ ያስቆፈረ፣ ትምህርት ቤት የከፈተ ሰው ስሙ ዘወትር ይነሣል። ምንም ሳይሠራ ታላቅ የሆነን ሰው ግን ማን ያስታውሰዋል? ይህን ግፍ እያየሁ ዝም ማለት አቅቶኝ ነው ብዕሬን ያነሣሁት። የማወሳው የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ መሥሪያ ቤታችንን ክቡር ዳይሬክተር ነው። እኔ በዚያው ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። የከተማችን ሰው ሲወለድም ሲያገባም ሲሞትም በእኔ መደርደሪያ በኩል ያልፋል፤ መጀመሪያ ግን የክቡር ዳይሬክተሩን ፊርማ ማግኘት አለበት። ለዚህም ነው አንዳንዱ ሳይወለድ ያገባው።

ክቡር ዳይሬክተራችን ባለፈው ዓመት ባሕር ማዶ ሥልጠና ሄደው ነበር። የሥልጠናው ርእስ «ቀልጣፋ አገልግሎት» ይባላል። ስለ ቅልጥፍናው ምን እንደተማሩ እስከ ዛሬ አልነገሩንም፤ ትምህርቱ ጠዋት ጠዋት ይሰጥ ስለነበር አልደረሱበትም መሰለኝ። የመዝጊያው እራት ላይ ግን ደርሰዋል። እንዲያውም ቀድመው ደርሰው፣ አስተናጋጆቹ ሹካ ሲደረድሩ ብቻቸውን ተጎልተው ጠበቁ። እንግዳው ሁሉ ተሰብስቦ፣ ሾርባው ቀርቦ፣ የቀረበውም ሾርባ ቀዝቅዞ ሳለ አንዲት ረጅም ሴትዮ እየተንቀባረረች ገባች። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አያት። ወንዶቹ ተሽቀዳድመው ወንበር ሳቡላት። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ አንድ ነገር ስትናገር ሁሉም ሳቀ።

«ምን አለች?» አሉት ክቡር ዳይሬክተራችን ከጎናቸው የተቀመጠውን ሌላ ሠልጣኝ።

«ፋሽነብሊ ሌት ነኝ አለች።»

«ምን ማለት ነው እሱ ደግሞ?»

«በወጉ አረፈድኩ፣ በክብር ዘገየሁ እንደ ማለት ነው። ትልልቅ ሰዎች ናቸው እንዲህ የሚያደርጉት።»

ክቡር ዳይሬክተራችን እዚያው ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ዕድሜ ልካቸውን ሲያረፍዱ ኖረዋል። ማርፈዳቸው ግን ስም ያለው፣ ያውም የእንግሊዝኛ ስም ያለው ነገር መሆኑን እስከዚያች ምሽት አያውቁም ነበር። ሀብታቸውን ሳያውቁ ሃያ ዓመት በድህነት የኖሩ መሰላቸውና ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

እንደተመለሱ በአዳራሹ ሰበሰቡን። «ክቡራትና ክቡራን» አሉ መነጽራቸውን አውልቀው፤ «ያደጉት አገሮች ያደጉት በምን ይመስላችኋል?»

«በሥራ» አለ አንድ ደፋር ከኋላ።

«ተቀመጥ» አሉት። «በፋሽነብሊ ሌት ነው! እኛም እናረፍዳለን፤ ይህን ማንም አይክደውም። ነገር ግን እስካሁን ስናረፍድ የኖርነው ዝም ብለን ነው። ያለ ዕቅድ! ያለ ደረጃ! ያለ ወግ! ዘበኛው ያረፍዳል፤ እኔም አረፍዳለሁ። ታዲያ ምን ለየን? ከእንግዲህ በዚህ ቤት ማርፈድ በሥርዓት ይመራል።»

ጭብጨባው ጣራውን ሊያነሣው ደረሰ። እኔም እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩ፤ ምን ቁርጥ አድርጎኝ ዝም እላለሁ!

ሥራው በጥናት እንዲመሠረት በማሰብ «የአባባሉን ትርጉምና አመጣጥ አጥኚ ኮሚቴ» ተቋቋመ። ሰብሳቢው የፕሮቶኮል ሹማችን ሆነ። ይህ ሰው አለቃው ገና አፍንጫቸውን ሲበላቸው መሐረብ ይዞ የሚደርስ፣ «ማንኛውም» የሚለውን ቃል ሳያስገባ ዓረፍተ ነገር የማይጨርስ ጸሐፊ ነው። እኔም ቃለ ጉባኤ እንድይዝ ኮሚቴው ውስጥ ገባሁ። ለሙያዊ ምክር ከጎረቤት ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ አስተማሪውን አስመጣን። ምስኪኑ ሰው በተቀጠረበት ሰዓት ስለመጣ መጀመሪያውኑ ንቀነዋል።

«የአባባሉ ትርጉም ምንድን ነው?» አለ የፕሮቶኮል ሹሙ።

«አንድ ሰው ግብዣ ሲጠራ፣ ጨዋነት ነው ብሎ አስቦም ይሁን ልታይ ባይ ሆኖ፣ ትንሽ ዘግየት ብሎ ሲደርስ የሚባል ነው።»

«አመጣጡስ?»

«ማን መጀመሪያ እንደተናገረው እንጃ፤ እርግጠኛ ሆኜ አልናገርም። በድሮ ጊዜ ሥራ የሌላቸው ባለጠጎች የጭፈራ ግብዣ ሲጠሩ፣ ሰው ሁሉ እንዲያያቸው ብለው አርፍደው ይገቡ ነበር ይባላል። ሰዓት የሚቆጥርባቸው አለቃ ስላልነበራቸው ነው።»

«ጻፍ» አለኝ የፕሮቶኮል ሹሙ። «አለቃ የሌለው ሰው ያረፍዳል።»

«ግን እኮ» አለ አስተማሪው፣ «ይህ ለግብዣ ነው የሚባለው። ለሥራ አይባልም።»

«ሥራ አርፍዶ የሚገባውንስ ምን ይሉታል?»

«እሱንማ ያሰናብቱታል።»

የፕሮቶኮል ሹሙ ጉሮሮውን ጠረገና «ይህኛው ክፍል ለማሳጠር ሲባል ይወጣል» አለ። እኔም አወጣሁት። አስተማሪውን አመስግነን፣ የምስጋናውን ወረቀት በክብር አዘግይተን እንደምንልክለት ቃል ገብተን ሸኘነው።

ከዚህ በኋላ መመሪያው ወጣ። እንዲህ ያለ ሰነድ ባገራችን ተጽፎ አያውቅም። አንቀጽ አንድ፦ ማንኛውም ቀድሞ ወደ ግቢው የገባ ሰው ለዕለቱ የሁሉም የበታች ነው፤ በር ይከፍታል፣ ግቢ ይጠርጋል። አንቀጽ ሁለት፦ ማንኛውም ሠራተኛ ከበታቹ ቀድሞ ቢገባ ክብሩን እንዳዋረደ ይቆጠራል። አንቀጽ ሦስት፦ ማንኛውም በመጨረሻ ወደ ግቢው የገባ ሰው ለዕለቱ የሁሉም የበላይ ነው፤ ቆመው ይቀበሉታል፣ ትእዛዙንም ይፈጽማሉ። አንቀጽ አራት፦ የመሥሪያ ቤቱ መኪና ለዕለቱ የበላይ ያገለግላል።

የፕሮቶኮል ሹሙ አንቀጽ ሦስትን ሲጽፍ በልቡ ክቡር ዳይሬክተሩን ብቻ ነበር የሳላቸው፤ ከእሳቸው በኋላ ማን ሊደርስ ይችላል ብሎ! መመሪያው ተነብቦ ሲጸድቅ እሳቸው እንደ ወጉ አልደረሱም ነበር። ሁሉ ካለቀ በኋላ መጡና ሳያነቡ ፈረሙ።

ሥርዓቱ አንጀት የሚያርስ ነበር። ከመሥሪያ ቤታችን በር ማዶ አንድ ሻይ ቤት አለ። ጠዋት ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ ዓይኑን በሩ ላይ ተክሎ እዚያ ይቀመጣል። በመጀመሪያ ዘበኛው ይገባል። ከዚያ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ቀጥሎ እኔና መሰሎቼ፣ ከእኛ በኋላ የፕሮቶኮል ሹሙ፣ ከእሱ በኋላ የምዝገባ ኃላፊው። ክቡር ዳይሬክተሩ ደግሞ በመኪናቸው ሰፈሩን ሲዞሩ ቆይተው ሁሉም መግባቱን ሹፌራቸው ሲያረጋግጥ ይገባሉ። እሳቸው እንደገቡ ለክብራቸው ሲባል በሩ ይቆለፋል፤ ከዚያ በኋላ ባለጉዳይ ቢያለቅስም ቢያንኳኳም ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ሠራተኛ ሁሉ ደረጃውን ያወቀበት፣ ባለጉዳይ ሁሉ ልኩን ያወቀበት ዘመን ነበር።

ችግሩ የመጣው ባዶ የነበረው የማረጋገጫ ኃላፊነት ቦታ ላይ ሰው የተሾመ ለት ነው። አዲሱ የማረጋገጫ ኃላፊና ነባሩ የምዝገባ ኃላፊ በደረጃ እኩል ሆኑ። እኩል ከሆኑ ማን ይቅደም? የቀደመ ተዋረደ! ሁለቱም ሻይ ቤት ገብተው፣ ሁለት ጠረጴዛ ይዘው፣ አንዱ ሌላውን ያላየ መስሎ ሻይ ያማስል ጀመር። ሲመሽ ሁለቱም ሳይገቡ ወደየቤታቸው ሄዱ። በማግሥቱም እንደዚያው ሆነ። ክቡር ዳይሬክተሩም ከበታቾቻቸው ቀድመው እንዳይገቡ ሰፈሩን ሲዞሩ ይውሉ ነበር፤ የሰፈሩ ልጆች መኪናቸውን ስለለመዱት እጃቸውን ያውለበልቡላቸዋል።

ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ። የእህቴ ልጅ በዚያው ሳምንት ልታገባ ነበር። እጮኛዋ በያጅ ነው፤ እጁ ላይ የእሳት ፍንጣሪ ያልደረሰበት ቦታ የለም። ጨዋ ልጅ ነው፤ ሲያናግሩት መሬት መሬቱን ያያል። ሩቅ ቦታ ግድብ የሚሠራ ኩባንያ ቀጥሮታል። ኩባንያው ላገባ ሠራተኛ ቤት ይሰጣል፤ ላላገባ ደግሞ ተደራራቢ አልጋ። ቤቱ የሚሰጠው ግን የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን ይዞ በተቆረጠለት ቀን ለሚደርስ ብቻ ነው፤ ካልደረሰ ለሌላ ይተላለፋል። ያን ጊዜ እሱ ለሁለት ዓመት ብቻውን ይሄዳል፤ እሷ ለሁለት ዓመት እናቷ ቤት ትቀመጣለች። እህቴን ስለማውቃት ሁለት ዓመት እናቷ ቤት መቀመጥ ምን እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው። የሚያስፈልጋቸው ሦስት ፊርማ ብቻ ነው፤ የሁለቱ ኃላፊዎችና የክቡር ዳይሬክተሩ።

የኩባንያው አውቶቡስ የሚነሣበት ቀን ደረሰ። ከእኛ መሥሪያ ቤት ትንሽ ራቅ ብሎ አደባባዩ ላይ ቆሞ ሻንጣ ይጭናል፤ እኩለ ቀን ላይ ይነሣል ተብሏል። ሙሽሮቹ ከነሻንጣቸው እኛ ዘንድ መጥተው አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ልጅቷ አዲሱ ጫማዋ ጠብቧት ተረከዟን አውጥታለች። እህቴ ግን አልተቀመጠችም፤ በመስኮቴ በኩል ጭንቅላቷን አስገባች።

«ፈራሚዎቹ የት ናቸው?»

«እየዘገዩ ነው፣ እትዬ።»

«እሱንማ አያለሁ! የት ሆነው ነው የሚዘገዩት?»

«ማዶ ሻይ ቤት።»

«ታዲያ መንገድ ተሻግሮ መግባት አቃታቸው?»

«እኩል ስለሆኑ ነው።»

«ምን?»

«እኩል ናቸው፤ አንዱ ቀድሞ ከገባ ይዋረዳል። መመሪያ ነው፣ እትዬ። ከእንግሊዝኛ የመጣ ነው።»

እህቴ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ከታናሽ ወንድምነት ልትሰርዘኝ እያሰበች ይመስለኛል። «አንተ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «እናታችን ታስተምርህ ብላ ያላትን ሁሉ የሸጠችው ለዚህ ነው?»

«ጋሼን አትቆጪው፣ እማዬ» አለች ልጅቷ። «እሱ ምን ያድርግ?»

«እኔ አውቶቡሱን ትንሽ እንዲጠብቀን ልለምነው» አለ በያጁ። ተነሥቶም እየሮጠ ወጣ።

እህቴም ወጣች፤ የእሷ መንገድ ግን ወደ ሻይ ቤቱ ነበር። ጉድ ፈላ ብዬ ከኋላዋ ተከተልኩ።

ሁለቱ ኃላፊዎች እንደተለመደው ጀርባና ጀርባ ሆነው ተቀምጠዋል። ሁለቱም ደንደን ያሉ፣ ኮታቸው የማይቆለፍላቸው ሰዎች ናቸው። እህቴ መሐላቸው ቆመች።

«ጌቶቼ፣ የልጄ ሁለት ዓመት ከንቱ ሊቀር ነው። በሞቴ ተነሡና ፈርሙልኝ።»

«ደስ ይለኛል» አሉ የምዝገባ ኃላፊው፣ «እሳቸው ይቅደሙና።»

«ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» አሉ የማረጋገጫ ኃላፊው፤ «በዕድሜም ይበልጡኛል።»

«ሰማችሁ? ይሰድቡኛል!» ብለው የምዝገባ ኃላፊው ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«መቅደም ይገባዎታል አልኩ እንጂ ምን አልኩ?» ብለው የማረጋገጫ ኃላፊውም ብድግ አሉ።

ሁለቱም የተነሡላት እህቴ ሌላ ዕድል አልጠበቀችም። አንዱን በቀኝ፣ ሌላውን በግራ ክንዳቸውን ቆልፋ ይዛ እየነዳቻቸው መንገዱን አሻገረቻቸው። የታክሲ ወያላዎች ቆመው አዩ። ግቢያችን በር ላይ ስትደርስ ከኋላ ሆና ሁለቱንም እኩል ገፋቻቸው። በራችን ደግሞ ለአንድ ሰው ክብር ታስቦ የተሠራ ነው። ሁለቱ ኃላፊዎች ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው መሐሉ ላይ ቀሩ።

«ሆድዎን ያስገቡ!» ይላሉ አንደኛው።

«ያስገቡ የሚሉኝ መጀመሪያ እንድገባ ነው፤ አልታለልም!» ይላሉ ሌላኛው።

እህቴ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ በትከሻዋ መጣች። ጓ! የበሩ ማጠፊያ ተገነጠለ፤ በሩ ወደቀ፤ ሁለቱ ኃላፊዎች በሩ ላይ ተደፉ። እኩል ገቡ። ዘበኛው እግዜር ያሳያችሁ ብሎ ምስክርነቱን ሰጠ፤ አፍንጫቸው ሳይቀር አንድ ላይ ነው መሬት የነካው አለ።

ሹፌሩ ከመንገዱ ዳር ሆኖ ይህን አየ። «ሁለቱም ገብተዋል፣ ጌታዬ» አላቸው ክቡር ዳይሬክተሩን።

«ማን ቀደመ?»

«አንድ ላይ ናቸው።»

«እንግዲያው ለጥንቃቄ አንድ ዙር ጨምር።»

አንዱን ዙር ጨርሰው በሰላም ደረሱ። ቆመን ተቀበልናቸው። ዘበኛው በሩን ሊቆልፍ ዞር ሲል የሚቆለፍ በር የለም፤ መሬት ላይ ተጋድሟል። ክቡር ዳይሬክተሩ ይህን ከቁብ ሳይቆጥሩ ወደ ቢሯቸው አለፉ። ሁላችንም ተከትለን ገባን። ወንበራቸው ላይ ተደላድለው እስክሪብቷቸውን ከፈቱ።

«ጋብቻ ትልቅ ነገር ነው» ብለው ንግግር ጀመሩ። «አንድ አገር የሚገነባው...»

«ጌታዬ፣ አውቶቡሱ...» አለች እህቴ።

«...በትዳር ነው። ሙሽራው የት አለ?»

ያን ጊዜ በያጁ ላብ አጥምቆት፣ ልቡ አፉ ላይ ደርሶ በሌለው በር ገብቶ እየሮጠ መጣና ክፍሉ መሐል ቆመ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለ እያለከለከ፣ «ዘገየሁ።»

የፕሮቶኮል ሹሙ ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። መጀመሪያ ነጣ፤ ቀጥሎ ጠቆረ፤ በመጨረሻ ቀጥ ብሎ ቆመና «ተነሡ!» ብሎ ጮኸ።

ሁላችንም ተነሣን። ልማድ ነው።

«ለማን ነው?» አሉ ክቡር ዳይሬክተሩ።

«ለእሳቸው ነው፣ ክቡር ጌታዬ። አንቀጽ ሦስት። ማንኛውም በመጨረሻ ወደ ግቢው የገባ ሰው ለዕለቱ የሁሉም የበላይ ነው።»

«በመጨረሻ የገባሁት እኔ ነኝ!»

«ነበሩ፣ ጌታዬ።»

«ማንኛውም ሠራተኛ ማለትህ አይደለም እንዴ?»

«ማንኛውም ሰው ነው የሚለው። እርስዎ ፈርመውበታል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ሲነበብ ገና አልመጡም ነበር።»

ክቡር ዳይሬክተራችን ትልቅ ሰው ናቸው። መመሪያውን ዛሬ ቢጥሱት ነገ ማን እንደሚቆምላቸው በልባቸው አሰላስለው ቀስ ብለው ከወንበራቸው ተነሡ። በያጁ ግራ ገብቶት መሬት መሬቱን ያያል።

«ምን ያዛሉ?» አለው የፕሮቶኮል ሹሙ ጎንበስ ብሎ።

«እኔ? ኧረ ምንም... ካላስቸገርኳችሁ ብትፈርሙልን።»

«ትእዛዝ ነው!»

ሦስቱም ፈረሙ። ሦስት ፊርማ በአንድ ትንፋሽ ሲፈረም በዚያ ቤት ያየሁት ያን ቀን ነው። እኔ ማኅተሙን መታሁ፤ እህቴ እልል አለች፤ ልጅቷ ጫማዋን በእጇ ይዛ በያጁ አንገት ላይ ተጠመጠመች። እልልታው ሳያልቅ ከአደባባዩ በኩል ረጅም የጥሩንባ ድምፅ ተሰማ። በያጁ በመስኮት አየ። አውቶቡሱ ሊታጠፍ ነው፤ ተጠምዝዞም ከዓይናችን ጠፋ።

«ሄደ» አለ ቀስ ብሎ። «ሹፌሩ ኩባንያ አይጠብቅም ብሎኝ ነበር።»

ልጅቷ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። አጎት ሆኜ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠቀምኳትም። ከአፌ ያመለጠኝ እሱ ቁጭት ይመስለኛል፤ «አንቀጽ አራት!» አልኩ ጮክ ብዬ።

ሰው ሁሉ ወደ ፕሮቶኮል ሹሙ ዞረ።

«የመሥሪያ ቤቱ መኪና» አለ እሱ ድምፁ እየሰለለ፣ «ለዕለቱ የበላይ ያገለግላል።»

«ያ መኪና የእኔ ነው!» አሉ ክቡር ዳይሬክተሩ።

«ቁልፉን ስጠኝ አንተ ልጅ» አለች እህቴ ተከትሎን ገብቶ የቆመውን ሹፌር፤ «ወይም ራስህ ንዳው።»

ሹፌሩ በሳምንት ውስጥ ሰፈሩን ሲዞር ራሱን አዙሮታል፤ ቀጥ ያለ መንገድ ናፍቆታል። ወዲያው ወጥቶ ለበያጁ የመኪናውን በር ከፈተለት። ሻንጣዎቹን ጫነ። ልጅቷ ከኋላ፣ ክቡር ዳይሬክተሩ በሚቀመጡበት ለስላሳ ወንበር ላይ ተቀመጠች። መኪናው ያን ያህል መፍጠን እንደሚችል አናውቅም ነበር። ከዓይናችን ሲሰወር ክቡር ዳይሬክተሩ በወደቀው በር ላይ ቆመው ነበር፤ ማታ ወደ ቤታቸው በእግራቸው ሄዱ።

መኪናው ያን ዕለት አልተመለሰም። ክቡር ዳይሬክተሩ በማግሥቱ ታክሲ ለመያዝ ሰልፍ አለ ሲባል ሰምተው ኖሮ ጎሕ ሲቀድ ከቤታቸው ወጡ። ጎሕ ሲቀድ ደግሞ ሰልፍ የለም። ስንት ዘመን አይተውት በማያውቁት ሰዓት ግቢያችን ደረሱ። የወደቀውን በር ተሻግረው ከገቡ በኋላ ነው ዘበኛው የመጣው።

ዘበኛው ሲያያቸው ደነገጠ። ከዚያ ወደ ጎጆው ገብቶ መጥረጊያ ይዞ ወጣና በሁለት እጁ ዘረጋላቸው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«እኔ አይደለሁም፣ ጌታዬ» አለ ዘበኛው እጅ እየነሣ፤ «አንቀጽ አንድ ነው።»

ክቡር ዳይሬክተሩ ዙሪያቸውን አዩ። ሌላ ሰው የለም። አንቀጽ አንድ ከወደቀ አንቀጽ ሦስትም አብሮ እንደሚወድቅ ገባቸው፤ ለክብራቸው ብለው መጥረግ ጀመሩ። አጠራረጋቸው ለጀማሪ አይከፋም ይላል ዘበኛው። ጠርገው ሲጨርሱ ባለጉዳዮች መጡ። አራስ ልጅ የታቀፈች እናት፣ የአባቱን ሞት ሊያስመዘግብ በሳምንት ሦስት ቀን የሚመላለስ ሰውዬ፣ ሌሎችም። ክቡር ዳይሬክተሩ ሌላ የሚያደርጉት ነገር ስላልነበራቸው እስክሪብቷቸውን ይዘው ደረጃው ላይ ተቀመጡና ፈረሙላቸው። የጽዳት ሠራተኛዋ ስትደርስ የባለጉዳይ አግዳሚ ወንበር ባዶ ነበር። በዚያ ግቢ ያን የመሰለ የሥራ ቀን አልታየም፤ ሰውዬው እንኳ አባቱ በመጨረሻ በመሞታቸው ሳይደሰት አልቀረም።

እኛም በየደረጃችን ገባን። ክቡር ዳይሬክተሩን ከነመጥረጊያቸው ስናያቸው ነገሩ ወዲያው ተገለጠልን፤ ሰውዬው ቀድመው ገብተዋል፣ እንግዲህ ወርደዋል። ትናንት ቆመው የተቀበሏቸው የምዝገባ ኃላፊ ሲያልፉ «እንዴት አደርክ?» አሏቸው። የማረጋገጫ ኃላፊው ደግሞ ጫማቸው ሥር ያለች አንዲት ቅጠል በጣታቸው አሳዩአቸው። ሁለቱ ኃላፊዎች ያን ቀን በር ስለሌለ ጎን ለጎን ነው የገቡት፤ ሰፊ ነበር።

ረፋዱ ላይ ሹፌሩ መኪናውን አቧራ አልብሶ ደረሰ። ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ዓይኑ ደም መስሏል። ከእሱ በኋላ የሚመጣ አልነበረም።

«ተነሡ!» አለ የፕሮቶኮል ሹሙ።

«ኧረ እኔ ቁልፍ ልመልስ ነው» አለ ሹፌሩ።

«ክቡር ሆይ፣ በዚህ በኩል ይለፉ።»

እየገፋ ወስዶ የዳይሬክተሩ ወንበር ላይ አስቀመጠው። ሹፌሩ መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ነበር የተቀመጠው። ቆይቶ ተደገፈ። ቆይቶ ወንበሩን አንድ ጊዜ አዞረው። ሁላችንም ቆመን ትእዛዝ እንጠብቃለን።

«ይመቻል» አሉ ክቡር ሹፌራችን። «በሉ እንግዲህ... ነገ ትንሽ አረፍዳለሁ።»

አጨበጨብን።

ወደ ጠረጴዛዬ ስመለስ ስልኬ ጮኸ። እህቴ ናት። በደስታ ድምፅዋ ተዘግቷል። መኪናው አውቶቡሱን መንገድ ላይ ደርሶበት አብረው ገብተዋል፤ ወረቀቱን አሳይተው የቤቱን ቁልፍ ተረክበዋል፤ ልጅቷ ደውላ ሁለት ክፍል ነው፣ መስኮቱ ወደ ውኃው ያሳያል ብላታለች። እኔም ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ አልዋሽም።

«ትናንት የተናገርኩህን ሁሉ እርሳው» አለችኝ። «እኒያን ዳይሬክተራችሁንም አመስግንልኝ።»

«የትኛውን?»

«ስንት አላችሁ? መኪናቸውን የሰጡንን ነዋ! አሁን አገናኘኝ፤ እኔው ራሴ ላመስግናቸው።»

በመስኮቴ አየሁ። ሰውዬው እጅጌያቸውን ጠቅልለው ከበሩ ሥር ቅጠል ይሰበስባሉ።

«አይመቻቸውም፣ እትዬ» አልኳት። «ሥራ ላይ ናቸው።»

እዚያ ቤት ከተቀጠርኩ ጀምሮ ስለ ዳይሬክተር ይህን ሳልዋሽ የተናገርኩት ያን ቀን ብቻ ነው።